የኋላ ወንበር ምስክር

ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለው አቀበት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ በፍርድ ቤት በር አቤቱታ ስትተይብ የምትውለው ዘምዘም የማሰልጠኛውን መኪና መሪ ይዛለች፣ አጠገቧ አሰልጣኟ ጋሽ ደግአረገ ተቀምጧል፤ ሌሎቹን ሰልጣኞች ዛሬ አውርዷቸዋል፣ ለምን እንዳወረዳቸውም ልቧ አውቆታል።

ደግአረገ፦ አንድ ቀን ብቻ ነው የለመንኩሽ። ነገ አትሂጂ።

ዘምዘም፦ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቀርቤ እንድመሰክር መጥሪያ ደርሶኛል። መጥሪያ የሰርግ ጥሪ አይደለም፣ ጋሽ ደግአረገ፤ አልተመቸኝም ተብሎ አይቀርም።

ደግአረገ፦ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ የመንጃ ፈቃድ ፈተናም አለሽ። ስምሽን ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ዘምዘም፦ ከስንቱ ቀንና ከስንቱ ሰዓት መርጠህ።

ደግአረገ፦ ወረፋው ነው ያመጣው። ማርሽ ቀንሺ፣ አቀበቱ ሊይዝሽ ነው።

ዘምዘም፦ ቀነስኩ። የእኔ ወረፋ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ዝርዝሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ደግአረገ፦ ላንቺ ብዬ አስቀደምኩት እንበል። ጤና ጣቢያው የአምቡላንስ ሹፌር የሚቀጥረው እስከ ዓርብ አይደለም እንዴ? ያለ መንጃ ፈቃድ ማን ዞር ብሎ ያይሻል? እስከ መቼ ነው የሰው እሮሮ ስትተይቢ የምትኖሪው?

ዘምዘም፦ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ሥራውን እፈልገዋለሁ፣ አልዋሽህም። ቀን ከሌት የማስበው እሱን ነው።

ደግአረገ፦ በቃ ታዲያ። ያቺ የከሰሰችኝ ሰልጣኝ፣ ብስራት፣ ልጅ ናት፤ ነገሩ አልገባትም። የእጅ ፍሬን ልይዝ ስል ነው እጄ የነካት፤ ይኸው ነው ወንጀሌ።

ዘምዘም፦ መኪናው እኮ ቆሞ ነበር።

ደግአረገ፦ ቢቆምስ?

ዘምዘም፦ ከብቱ እስኪያልፍ ብለህ ዳር አስያዝካት፣ ሞተሩን አስጠፋሃት። የእጅ ፍሬኑን ራሷ ሳበችው፤ ከኋላ ወንበር ሆኜ ድምፁን ሰምቻለሁ። የተሳበ ፍሬን ምን ልታደርገው ነው?

ደግአረገ፦ አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ሐሳቤን በምን አወቅሽው? ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳብን ነው። ጠበቃዬ ነግሮኛል።

ዘምዘም፦ ጠበቃህ አልተሳሳተም። ስንት ጊዜ ተይቤዋለሁ፦ ድርጊቱ፣ ሐሳቡ፣ የእሷ ፈቃድ አለመኖሩ። አንዱ ከጎደለ ክሱ አይቆምም። ግን ልጅቷ «እጅህን አንሳልኝ» አለችህ። ደግማም አለችህ። እጅህ ጭኗ ላይ ነበር፣ አላነሳኸውም። ሁለቴ ተነግሮት የማይነሳ እጅ ስቶ የነካ እጅ ነው ብለህ ማንን ታሳምናለህ?

ደግአረገ፦ ያኔ አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?

ዘምዘም፦ ፈራሁሃ። ለፈተና የምታሳልፈኝ አንተ ነህ። ዝም አልኩ፣ እስካሁንም ራሴን ይቅር አላልኩም።

ደግአረገ፦ እንደዚያው ዝም በይ ነው የምልሽ። ካልሆነ እኔ ከመታሰሬ በፊት የገጨሽውን ባለ ጋሪ እናነሳለን።

ዘምዘም፦ እሱን ደግሞ ምን አመጣው?

ደግአረገ፦ እግሩ እስካሁን አልዳነም አሉ። መንጃ ፈቃድ የሌላት ሴት ሰው አቆሰለች ይባላል። ለምኜ የመለስኩት እኔ ነኝ። ነገሩ ፖሊስ ጋ ከደረሰ አምቡላንሱን እርሺው፤ ምስክር መሆኑ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

ዘምዘም፦ ከሰው እርምጃ አልፈጥንም ነበር።

ደግአረገ፦ እሱን ለዳኛ ትነግሪያለሽ።

ዘምዘም፦ እነግረዋለኋ። ሰሌዳው ላይ «ለማጅ» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቤ አሰልጣኝ ነበር፤ በእሱም እግር ሥር ፍሬን አለ። ጋሪው ሲመጣ አንተ ስልክ እያወራህ ትስቅ ነበር።

ደግአረገ፦ ማን ይመሰክርልሻል?

ዘምዘም፦ ያን ቀን ከኋላ የተቀመጡት ሁለቱ ሰልጣኞች። ነዳጅ እንዳይባክንብህ እኛን ደራርበህ ትጭነናለህ፤ ምስክር እየጫንክ መሆኑን አላሰብከውም።

ደግአረገ፦ ዛሬ ግን ከኋላ ማንም የለም።

ዘምዘም፦ አይቻለሁ። ወደ ገበያው የምነዳውም ለዚሁ ነው።

ደግአረገ፦ ዳር ያዢና እንነጋገር።

ዘምዘም፦ ሰው ካለበት ሳልደርስ አላቆምም።

ደግአረገ፦ ፍሬኑ በእኔም እግር ሥር አለ ስትይ አልነበር? ልርገጠዋ።

ዘምዘም፦ እርገጠው። ከኋላችን ጭነት የያዘ አይሱዙ ተጠግቶናል፤ መስታወቱን ተመልከት።

ደግአረገ፦ ቀስ በይ። እሺ፣ ንጂ። አንቺ ልጅ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ። ሚስቴ ይህን ጉድ አልሰማችም።

ዘምዘም፦ የብስራት እናት ሰምታለች። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ከደጅ አልወጣችም።

ደግአረገ፦ እኔ እንደ ወንድም መከርኩሽ እንጂ መች ዛትኩብሽ?

ዘምዘም፦ ከመሰከርሽ አስከስስሻለሁ፣ እንጀራሽንም አሳጣሻለሁ ማለት ምክር ከሆነ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ «ዛቻ» እያልኩ የተየብኩት ሁሉ ምክር ነበር ማለት ነው። በዋስ ስትወጣ ምስክር አጠገብ እንዳትደርስ ታዘሃል። ለዛሬ የተመደበልኝ ሌላ አሰልጣኝ ነበር፤ ቁልፉን ከእጁ የተቀበልከው አንተ ነህ።

ደግአረገ፦ እንግዲያው የመጨረሻዬን ስሚ። ነገ ሦስት ሰዓት ፈተናው ቦታ ስምሽ ተጠርቶ ከታጣሽ፣ እኔ በዚህ ከተማ እያለሁ መንጃ ፈቃድ አታገኚም። አምቡላንሱንም ሌላ ሰው ይነዳዋል።

ዘምዘም፦ ይንዳው። ገበያው ጋ ደርሰናል፣ እዚሁ እወርዳለሁ፤ ቁልፉን እንካ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ስሜ ሁለት ቦታ ይጠራል። ፈተናው ቦታ የለሁም። አንተ ተከሳሽ ሆነህ በምትቆምበት ግን «አለሁ» እላለሁ።