አቶ ወልዱ የደፈኑት መስኮት

በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ከሰው ጋር መጣላት የፈለገ ብዙ መድከም አያስፈልገውም፤ መስኮት መክፈት ይበቃዋል። አቶ ወልዱ ግን ያን ቀን ጠብ ፍለጋ አልወጡም። ከሸጎሌ ተነስተው ሽሮ ሜዳ ያለች ልጃቸውን ሊጠይቁ ነበር። ብርቅነሽ ካገባች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ወንድ ልጅ ተገላግላ አሥራ አንድ ቀኗ ነው። እሳቸውም የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ግንባሩን ሊስሙ፣ ለዚሁ ብለው ያሠሩትን ትንሽዬ ጋቢ በፌስታል ይዘው፣ ከሚኒባሱ መስኮት ሥር ጥጋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ሳሉ ከያዛቸው ቆይቷል። ከሁለት ቀን ወዲህ ደግሞ ራሳቸውን እየፈለጠ ማታ ማታ ያተኩሳቸው ጀምሯል። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ጉንፋን ነው፤ ጉንፋን ደግሞ መቼ ሰውን ከጉዳዩ አስቀርቶ ያውቃል?

የዘንድሮው ጉንፋን ግን የአገሩ ሁሉ ወሬ ነበር። አዲስ ዓይነት ነው፣ ሽማግሌና ሕፃን ላይ ይበረታል እያለ የሾፌሩ ሬዲዮ ያወራል። ተሳፋሪውም የየራሱን ይጨምራል፤ አንዱ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ያገኘ አይነካውም ይላል፣ ሌላው ከውጭ አገር የመጣ ነው ይላል። ሁሉም ፈርቷል፤ ፈርቶ ግን መስኮት የከፈተ አንድም ሰው አልነበረም።

ከአጠገባቸው የተቀመጠች፣ ማስክ ያደረገች ወጣት «ይቅርታ አባባ» ብላ እጇን አሻግራ መስኮቱን አንድ ስንዝር ያህል ገፋ አደረገችው። አቶ ወልዱ መልሰው ዘጉት። ልጅቱ ዞር ብላ አየቻቸውና ሳቀች።

«ጋሼ ወልዱ! እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«ሐመልማል? አፍሽን ሸፍነሽ በምን ልወቅሽ!»

ሐመልማል ከእሳቸው ቤት ሦስት በር ዝቅ ብላ ያደገች የሸጎሌ ልጅ ናት። አሁን ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ የሰፈሩን የታመመ ሰው ደም ግፊት በየቤቱ እየዞረች የምትለካም እሷው ናት።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ትንሽ ቢከፈት ጥሩ ነው» አለች።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቻለሁ፤ ከመስኮት የሚገባ ነፋስ ምን እንደሚሠራ ለእኔ አትነግሪኝም። ባልደረባዬ ሙንዲር መስኮት ከፍቶ መንዳት ይወድ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አፉ ወደ ጆሮው ተጣሞ ተነሳ። ምች ነው! እኔ ዘግቼ እነዳ ነበር፤ ይኸው ፊቴ እንዳለ አለ።»

«የጋሼ ሙንዲርስ የፊት ነርቭ ሕመም ነው፤ መስኮት ዘግቶ የሚነዳውንም ይይዘዋል። ይሄ ጉንፋን ግን ከታመመ ሰው ትንፋሽና ሳል ጋር ነው የሚወጣው። እዚህ ተዘግተን ስንሄድ አንዳችን ያወጣነውን ሌላችን እንስበዋለን። ሲከፈት ይበተናል። ለብርዱ ልብስ መደረብ ይቻላል ጋሼ፤ ለትንፋሹ ግን ምን እንደርባለን?»

መስኮቱን ደግማ ገፋ አደረገችው። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ኧረ ዝጉት! በብርድ ልታስጨርሱን ነው?» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ።

«እማማ፣ በኮሮና ጊዜ ስንት ወር ከፍተን ሄደን ማን ሞተ?» አለ አንድ ጎልማሳ።

«የሞተውማ ሞቷል!»

ታክሲው በሳቅ ተሞላ። መስኮቱ በዚህ መሃል ግማሹን ተከፍቶ ግማሹን ተዘግቶ ቀረ። አቶ ወልዱ አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ክርክሩን ቀጠሉ።

«ደግሞስ ትናንት ኅዳር አጥነን የለም እንዴ? ሰፈሩን በሙሉ ነው ያጠንነው። አያቴ የኅዳር በሽታን በዓይኗ ያየች ሰው ነበረች፤ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ማለቅ ምን ማለት እንደሆነ ነግራናለች።»

«ቆሻሻውን መጥረጋችሁ መልካም ነው። ጭሱ ግን የታመመ ሳንባን ይብሱን ይጎዳዋል፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያችን በሚያስለው ሰው ሞልቶ ነበር። የአያትዎ ዘመን ሰዎች በሽታው በየት በኩል እንደሚገባ አያውቁም ነበር፤ በሚያውቁት ተከላከሉ። እኛ እያወቅን ዝም ካልን ግን ምን ብለን እንመልሳለን?»

አቶ ወልዱ ሊመልሱላት አፋቸውን ሲከፍቱ ሳሉ ቀደማቸው። በመዳፋቸው ውስጥ ደጋግመው አሳሉ፤ መዳፋቸውንም ሱሪያቸው ላይ ጠረጉት። ሐመልማል ፌስታሉን አየችው።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ብርቅነሽ ወለደችልኝ እኮ! አሥራ አንድ ቀኗ ነው፤ ልጁን ልስመው እየሄድኩ ነው።»

ከማስኩ በላይ ያሉት የሐመልማል ዓይኖች ሲጨነቁ አቶ ወልዱ አዩ።

«አንድ ነገር ብነግርዎ ይቆጡኛል?»

«ተናገሪ።»

«ዛሬ አይግቡ። ሕፃኑንም አይሳሙት።»

«ምን አልሽ?» ድምፃቸው ሾፌሩን ሳይቀር አዞረው። «አራስ ልጄን ሳልጠይቅ? ሰውስ ምን ይለኛል? እሷስ ምን ትለኛለች? እኔ ወልዱ የታመመ ሳልጠይቅ፣ ለቅሶ ሳልደርስ ውዬ አላውቅም! ሶሬሳ በታመመ ጊዜ እንኳ ራሴን ትኩሳት ይዞኝ፣ እያሳለኝ ሄጄ አልጋው አጠገብ…»

ሰው በራሱ አንደበት ራሱን የሚይዝበት ጊዜ አለ። ሊኩራሩበት የጀመሩት ነገር አፋቸው ውስጥ እንዳለ ተለወጠባቸው። ሐመልማልም ዝቅ ባለ ድምፅ «አውቃለሁ ጋሼ። እኔም እዚያ ነበርኩ» አለቻቸው።



አቶ ሶሬሳ የአቶ ወልዱ የአርባ ዓመት ወዳጅ ነበሩ። ጉልበታቸው ሳይደክም ሸጎሌ ገበያ በግ ይነግዱ ነበር፤ በኋላ ልባቸውን አሟቸው፣ እግራቸው እያበጠ አልጋ ያዙ። ጥቅምት መግቢያ ላይ አቶ ወልዱ ጉንፋን እንደያዛቸው ሊጠይቋቸው ሄዱ። ሦስት ሰዓት ሙሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያወጉ፣ ሲያስሉ፣ ሲሳሳቁ ዋሉ። ከመስኮቱ ስንጥቅ ነፋስ ሲገባ ጊዜም ቡናማ ስካርፋቸውን ከአንገታቸው ፈትተው ስንጥቁ ውስጥ ወተፉት። በአምስተኛው ቀን አቶ ሶሬሳን ጉንፋን ያዛቸው። በሁለተኛው ሳምንት ተቀበሩ። ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው አለ፤ አቶ ወልዱም እንደ ሰው አሉ። ማታ ጋደም ሲሉ ግን አንድ ነገር ውስጣቸውን ይበላቸው ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም፤ ለመጠየቅም ፈርተው ነበር።

ሽሮ ሜዳ ላይ ሁለቱም ከታክሲው እንደወረዱ፣ አቶ ወልዱ ጋቢና ነጠላ ከተሰቀለበት የሱቆች ድርድር አጠገብ ቆም አሉ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት ማለትሽ ነው?»

«አላልኩም። ከእርስዎ ይሁን ከሌላ ማንም በእርግጥ ሊናገር አይችልም፤ በዚያ ሰሞን ቤቱ ሰው ሲገባ ሲወጣ ነበር። ግን ጋሼ፣ እኔ ነርስ ነኝ። ሲያስሉ አየሁ፤ ስካርፉን ሲወትፉም አየሁ። ታላቅ ሰው እንዴት እናገራለሁ፣ ይህቺ ደፋር እባላለሁ ብዬ መለኪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ። የተማርኩት ሁሉ ለዚያች ሰዓት ነበር፤ በይሉኝታ በላሁት። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ያን ሁሉ የለፈለፍኩት ስለ እርስዎ ብቻ አይምሰልዎ።»

አቶ ወልዱ ሱቁ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱን ሊቆጧት ፈልገው ነበር፤ ቁጣው ከየት ይምጣ!

«እኔ እኮ እንዲሞቀው ብዬ ነው» አሉ። አፈሩ። ቃሉ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ግን አላዳናቸውም።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በሯ ላይ ደርሼ ልመለስ?»

«አይመለሱ። ውጭ ሆነው በመስኮት ይዩት። ጋቢው ይታጠብና ፀሐይ ይንካው። ትኩሳቱም ሳሉም ሲለቅዎ እንደልብዎ ያቅፉታል። የአሥራ አንድ ቀን ልጅ በሽታ የሚችልበት አቅም የለውም፤ አያቱን የሚጠብቅበት ዕድሜ ግን አለው።»

ከቦርሳዋ አዲስ ማስክ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጡት እጆች ክሩን ጆሮ ላይ ማንጠልጠል አቅቷቸው ሁለት ጊዜ ጣሉት።

የብርቅነሽ ቤት በአራስ ጠያቂ ጢም ብሏል። በሩ ተዘግቷል፤ መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃ ወርዶበታል። ከውስጥ የገንፎ ሽታና የሴቶች ጫጫታ ይመጣል። አቶ ወልዱ ግቢው መሃል ቆመው «ብርቅነሽ! መስኮቱን ክፈቱት!» ብለው ተጣሩ።

መስኮቱ ተከፈተ። ልጃቸው ሻሽ እንዳሰረች ብቅ አለች።

«አባዬ! ምነው ውጭ ቆምክ? ግባ እንጂ!»

«እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። አልገባም፤ አሞኛል።»

«ጉንፋን አይደል እንዴ? ስንት ቀን ጠበቅኩህ! ሰው ምን ይላል አባዬ?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አቶ ወልዱ ይህን ጥያቄ ከአንድ ሰዓት በፊት ራሳቸው ጠይቀውት ነበር። አሁን ከልጃቸው አፍ ሲሰሙት ምን ያህል ትንሽ ጥያቄ እንደሆነ ገባቸው።

«ሰው የሚለውን ይበል። ስሚኝ፣ እናንተም እዚያ ያላችሁ ስሙኝ። ሶሬሳ ዘንድ እንዲህ ሆኜ ገብቼ ነበር። እንደዛሬው ጉንፋን ነው ብዬ ነው የገባሁት። በአምስተኛው ቀን ያዘው፤ በሌላው ሳምንት ቀበርኩት። ከእኔ ይሁን ከሌላ አላውቅም፤ እስክሞትም አላውቅም። ይህን አለማወቅ በዚህ ልጅ ላይ አልደግመውም።»

ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስታስል የዋለች አንዲት ጎረቤት ጫማዋን እየፈለገች ተነሳች፤ ሌሎችም አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት። ብርቅነሽ ሕፃኑን ይዛ መጣች፤ አቶ ወልዱም ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ልጁ ተኝቷል። ግንባሩ ሰፊ ነው፣ ቅንድቡ ገና አልወጣም። ክንዳቸው ለማቀፍ ሲነሳ ፌስታሉን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት፤ ማስካቸው በእንባ ራሰ።

ይህ ከሆነ በኋላ ባለው የእድር ስብሰባ ላይ አቶ ወልዱ እጃቸውን አወጡ። የሚያስለው ሰው የታመመ ቤት ባይገባ እንዳይወቀስ፣ ስልክ የደወለ፣ ደጅ ላይ ቆሞም የጠየቀ እንደጠየቀ እንዲቆጠር፣ የገባም ሁለት ሦስት ሆኖ መስኮት አስከፍቶ ቶሎ እንዲወጣ ጠየቁ። ሰብሳቢው አቶ ቶለሳ «ሰው መጠያየቅ ከተወማ ምን ቀረን?» ብለው ተቃወሙ። አቶ ወልዱም «መጠየቁን አንተው፤ ይዘነው የምንገባውን እንተው» አሏቸው። ብዙ ካከራከረ በኋላ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ ጉንፋን አልጠፋም፤ ማን ጉንፋንን አጥፍቶ ያውቃል! ግን በአንድ ሰው የጀመረው እዚያው ሰው ላይ ሲያበቃ ታየ። አሮጊቶቹም በእረፍት ማገገም ጀመሩ፤ ቀድሞ በሽታቸው ሳያንስ ጠያቂ ያደክማቸው ነበርና። የሚያሳዝነው ይህን ለመወሰን የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ መሆኑ ነው፤ ጥቅምት ሳይገባም ሊሆን ይችል ነበር።

አቶ ወልዱ አንድ ዕዳ ቀርቷቸው ነበር። ሲሻላቸው፣ የልጅ ልጃቸውንም ካቀፉ በኋላ፣ የአቶ ሶሬሳ ባለቤት ወይዘሮ ዓለሜ ዘንድ ሄደው ሁሉንም ነገሯቸው። ወይዘሮ ዓለሜ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«አንተ እንዲህ ራስህን አትብላ» አሉ። «ያን ቀን ስትወጣ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ‹ወልዱ ራሱ ታሞ መጣልኝ፤ ወዳጅ እንዲህ ነው› ነው ያለኝ። ደስ ብሎት አደረ።»

ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር።

«ባልመጣ ኖሮስ?»

«ይቀየምህ ነበራ! ሶሬሳን አታውቀውም?»

«ይቀየመኝ ነበር» አሉ አቶ ወልዱ። «እስከ ዛሬም ተቀይሞኝ ይኖር ነበር።»

ወይዘሮ ዓለሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። አቶ ወልዱ ቀና ሲሉ መስኮቱን አዩ። ቡናማው ስካርፍ ስንጥቁ ውስጥ እንደተወተፈ አቧራ ለብሶ ነበር።

«አልነካሁትም» አሉ ወይዘሮ ዓለሜ ዓይናቸውን ተከትለው። «አንተ ለእሱ ብለህ ያደረግከው ነው ብዬ።»

አቶ ወልዱ ተነስተው ስካርፉን ጎትተው አወጡት። መስኮቱ ከጥቅምት ወዲህ አልተከፈተምና ተጣብቆ ነበር፤ በትከሻቸው ገፉት።

«ብርድ ይገባል እኮ» አሉ ወይዘሮ ዓለሜ።

«ይግባ» አሉ አቶ ወልዱ፤ ስካርፉንም አራግፈው በወይዘሮ ዓለሜ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉት። ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው አየር ባዶውን አልጋ አልፎ ገባ። ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ ተቀመጡ።