ሌላ ሰው የማይመልሰው ጥሪ

ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያና አንድ የደሃና ወረዳ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ላፕቶፑን ከፍቶ በመስመር በመስመር የተደረደረ ደቃቅ ጽሑፍ ያያል።

«ልጄ፣ ይኼ የጉንዳን ሰልፍ ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አምደወርቅ ባለው ቢሮ ኮምፒውተሮቹ በገመድ የሚላላኩትን መልእክት የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ አባባ። እኔንም ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ መስመሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።»

«ምን ይላል?»

«አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን ‹የት ነህ?› እያለ ይጠራል። የሚጠራው ግን ተቃጥሎ ከተነሣ ቆይቷል።»

«ታዲያ ተቃጥሏል ብላችሁ ንገሩታ! ምን ያለ ጭካኔ ነው?»

«እኛ ብንነግረው አይሰማም። መልሱን የሚጠብቀው ከራሱ ከተጠራው ነው።»

ወጣቱ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«እርስዎስ ሰቆጣ በደህና ነው የመጡት?»

«ስለ ልጄ ልጠይቅ ነበር። ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ዛሬም ‹መረጃ የለንም› አሉኝ። ጎረቤቱ ‹ተዝካሩን አውጣለት› እያለ ይወተውተኛል። ማን ሞተ አለኝና ነው ተዝካር የማወጣው?»

«እግዜር ደጉን ያሰማዎት፣ አባባ።»

«አሜን። ያንን የሚጣራውን ምን ልታደርገው ነው?»

«ዛሬ እንደደረስኩ አስቆመዋለሁ። መስመሩን አጨናንቋል ተብሎ ነው የተላክሁት።»

«ሥራህ ነው፤ አልከለክልህም። ግን ለነገ ብታሳድረውስ?»

ወጣቱ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ከደነ።

«ይደር፣ አባባ» አለ።

ጨዋታቸውን ላለማቋረጥ ብዬ፣ ወራጅ ማለት የነበረብኝን መታጠፊያ እያየሁ አሳለፍኩት።