ሽማግሌ የተላከለት የመኪና መሪ

ወረታ መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት አጠገባቸው ላለው ጎልማሳ የሰርግ ወሬ ጀመሩለት።

«ሙሽሪትን ያመጣቻት ቀይ መኪና ስታምር ልጄ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዝ፤ ጣሪያዋ ይገለጣል።»

«የኛ ነበረች።»

«የናንተ?»

«አባቴ ከአንድ ፈረንጅ ነው የገዟት። የእሽቅድምድም መኪና ናት፤ በአገሩ ሌላ የለችም ይባላል። እሳቸው ሲያርፉ ጓሮ ቆማ ቀረች። የሩዝ ገለባ ሲከመርባት፣ ዶሮ ሲፈለፍልባት ኖረች።»

«ታዲያ ማን አስነሳት?»

«ጎረቤቴ ነዋ፣ መካኒኩ። በአንዲት ጊደር ለወጥኩለት። ጊደሯን በዚያው ክረምት ጎርፍ ወሰዳት።»

«እሱስ?»

«አምስት ዓመት ቀጠቀጣት። ቆርቆሮዋን አቃና፣ ሞተሯን ፈትቶ ገጠመ፣ ቀለም ቀባት። አሁን ያለሱ ሰርግ የለም። ሰው ሙሽራውን ትቶ እሱን ነው የሚያይ።»

«ለፍቶባታል እኮ።»

«ምን ለፋ እማማ፤ መሪዋ እንኳ የራሷ አይደለም። የጭነት መኪና መሪ ነው የገጠመላት።»

«የራሷ የት ሄደ?»

«እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሊወስዳት ሳይመጣ ፈትቼ አስቀረሁት። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮብኛል።»

«ምን ይሠራልሃል?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ስጠው ልጄ።»

«ከሰጠሁትማ ሙሉ ልትሆንለት ነው።»

እኔ ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሳ በኋላ እስከ ሐሙሲት ከተማ ድረስ ዓይኔን መሪውን ከያዘው የሾፌራችን እጅ ላይ አላነሳሁም።