የወይዘሮ ሥርጉት ዘውዴ የረቡዕ ተራ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህን በረዶ ጥሳችሁ ከኢቶቢኮም ከስካርቦሮም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተ ሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ቅዳሜ ሊፈጸም የነበረው ቀብር ወደ ዛሬ ማክሰኞ በመዛወሩ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ሬሳ ማቆየት የአገራችን ወግ አይደለምና። ምክንያቱ ከሕይወታቸው ጋር የተያያዘ ስለሆነ በቦታው ይነበባል፤ እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

ወይዘሮ ሥርጉት ከአባታቸው ከአቶ ዘውዴ አቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጸዮን ወልደ ሰማያት በ1952 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለነበሩ፣ ሥርጉት ከሱፍና ከውርጭ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ኋላ እዚህ ቶሮንቶ ሰው ስለ ብርዱ ሲያማርር እርሳቸው ፈገግ የሚሉትም ለዚህ ነበር። በልጅነታቸው ያመኑበትን ነገር ካልፈጸሙ የማይተኙ፣ ታላቅ ወንድማቸውን ጭምር በክርክር የሚረቱ፣ በአጭሩ እልኸኛ ልጅ ነበሩ።

በተወለዱበት ከተማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ፣ በዘመኑ በነበረው መከራ ምክንያት በ1976 ዓ.ም. በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ በካርቱምም በልብስ ስፌት ሲተዳደሩ ከባለቤታቸው ከአቶ ኢሳያስ ጋር ተዋውቀው በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። በ1981 ዓ.ም. ካናዳ ገብተው በሴንት ጄምስ ታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ኑሮ ጀመሩ፤ ሃሌሉያንና ዮናታንንም በዚያው ወለዱ። የሆቴል አንሶላ አጥበዋል፣ በኢቶቢኮ መጋዘን ካርቶን አንሥተዋል፣ ከሥራ መልስ በማታ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምረዋል፤ በመጨረሻም የፖስታ ቤቱን ፈተና በሁለተኛው ሙከራ አልፈው ከ1990 እስከ 2013 ዓ.ም. በዳንፎርዝ አካባቢ በፖስተኛነት አገልግለዋል።

በ2007 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ከተማው በበረዶ ተቀብሮ፣ አውቶቡስ ተስተጓጉሎ፣ ደብዳቤ በየፖስታ ቤቱ ተከምሮ በነበረበት ሰሞን፣ ሥርጉት ዕድሜ ልካቸውን የተጸጸቱበትን ስሕተት ሠሩ። አቶ ዘርይሁን የሚባሉ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት፣ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ወደ በራቸው የሚያስወርዱት ስምንት ደረጃዎች በግግር በረዶ ተሸፍነው ስለነበር፣ ሥርጉት ደንቡ እንደሚፈቅድላቸው ደብዳቤውን መልሰው ይዘው፣ ደረጃው እስኪጠረግ ድረስ ፖስታ እንደማይደርስ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ካርድ አጥሩ ላይ አንጠልጥለው አለፉ። በፖስታው ላይ የተጻፈው ስም ያገር ሰው ስም መሆኑን አይተዋል፤ ነገር ግን ረፍዶባቸው ነበርና በመስኮቱ አንኳኩተው አንዲት ቃል በአማርኛ ሳይናገሩ ሄዱ።

ካርዱ አራት ቀን ተንጠልጥሎ ቆየ። በአምስተኛው ቀን ሕሊናቸው ቆርቁሯቸው በመስኮቱ በኩል ቢጣሩ፣ አቶ ዘርይሁን ካርድ የሚባል ነገር አለማየታቸውን ነገሯቸው፤ ሁለቱ ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ለቀዶ ሕክምና ከዓመት በላይ ወረፋ ሲጠብቁ ኖሮ፣ እንኳን ካርድ የሰው ፊት መለየት ተስኗቸው ነበር። ተመልሶ የቆየው ደብዳቤ ደግሞ የዚያው ሕክምና ቀጠሮ ነበር፤ ቀጠሮውም አንድ ቀን አልፎት ነበር። አለቆቻቸው አንድም ወቀሳ አልሰነዘሩባቸውም፤ ሥርጉት ግን ቤታቸው ገብተው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓታቸው ወደ ሆስፒታሉ እየደወሉ፣ ስልኩን የሚያነሡት ሰዎች ድምፃቸውን እስኪለዩት ድረስ ነዘነዟቸው። ከአራት ወር በኋላ ቀጠሮ አስገኝተው፣ አቶ ዘርይሁንን ራሳቸው ወስደው አሳክመው፣ ብርሃናቸው ሲመለስ ከጎናቸው ቆመው አዩ። ነገሩ በዚህ ያበቃል ያልን ሁሉ ግን ሥርጉትን አናውቃቸውም ነበር።

በዚያው ዓመት በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተነሥተው፣ ዕድሩ በክረምት የአረጋውያን አባላቱን ደረጃ በየተራ እንዲጠርግ ሐሳብ አቀረቡ። ፖስታው ብቻ ሳይሆን ቁስል የምታጥበው ነርስም፣ በሽተኛ የሚያመላልሰው መኪናም፣ ምግብ የሚያደርሰው ሰውም ደረጃው ላይ ደርሶ እንደሚመለስ በስምና በአድራሻ ዘረዘሩ። የዕድሩ ሊቀ መንበር፣ ማለትም ይህን ዜና ሕይወት የሚያነበው ወንድማቸው ታዴዎስ፣ ዕድር ለቀብር እንጂ ለበረዶ ጠረጋ አልተቋቋመም ብሎ ተቃወመ። ሥርጉት የመለሱለትን በጉባኤው የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፦ «ጋሼ፣ ሬሳዬን ለመሸከም መቶ ሰው ከሥራው ኦፍ ወስዶ ይመጣል፤ በቁሜ ደረጃዬን ሾቭል የሚያደርግልኝ ግን የለም።» ሐሳባቸው ግን በድምፅ ብልጫ ወደቀ።

በተከታዩ ክረምት ከሥራ በፊት በሌሊት እየተነሡ የስድስት አረጋውያንን ደረጃ ለብቻቸው ጠረጉ። ልጃቸው ዮናታን «ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ጆብ አይደለም» እያለ ቢለምናቸውም አልሰሙትም፤ በመጨረሻም ተንሸራትተው የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። በቀጣዩ ጉባኤ እጃቸውን በጀሶ አሳስረው፣ ካንገታቸው አንጠልጥለው፣ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ ሊቀ መንበሩም ሳይወድ በግዱ እጁን አወጣ።

እንዲህ ሆኖ የበረዶው ዕድር ተመሠረተ። እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ቀን ተራ አለው፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ይጠርጋል፣ ጨው ይበትናል፤ የቀረ ሰው ቅጣቱ የሁለት ሰው ተራ መሸፈን ነው። ሥርጉት ረቡዕን ወሰዱ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም አንድ ረቡዕ አላጎደሉም። ዮናታንም መኪናውን ይዞ የእናቱ ረዳት ሆነ፤ ማጉረምረሙን ግን እስከ ዛሬ አልተወም።

ባለፈው ክረምት የጣፊያ ካንሰር እንደያዛቸው ሲነገራቸው፣ ከራሳቸው ይልቅ ያሳሰባቸው ይህ ዕድር ነበር። ሰዉ ተሰላችቶ፣ አንዱ ቤት ቀይሮ፣ ሌላው ወገቡን ታሞ፣ ለአሥራ አንድ ቤት የቀሩት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩና። ስለዚህ ሕመሙ በጠናባቸው ሰዓት ቤተ ሰቡን ሰብስበው ተናዘዙ፦ በቀብራቸው ቀን በረዶ ቢጥል መጀመሪያ ደረጃዎቹ ይጠረጉ፣ ከዚያ እርሳቸው ይቀበሩ፤ በእርሳቸው ሞት ምክንያት ጠረጋው አንድ ቀን ከታጎለ ዳግመኛ አይነሣም። ወንድማቸው ይህን ኑዛዜ አልወደደውም፤ ሬሳ አስቀምጦ በረዶ መዛቅ ነውር ነው ብሎ ተከራከረ። ሥርጉት ግን በአልጋቸው ላይ ሆነው እንኳ የሚረቱ አልነበሩም።

ሐሙስ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከጎናቸው እንዳሉ፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ በረዶው እስከ ጉልበት ደርሶ ነበር። አቶ ኢሳያስ ኑዛዜውን ለለቀስተኛው ሲነግሩ ሃሌሉያ የእናቷን ቦት ተጫምታ ወጣች። አምስት ሰው ይገኝ ይሆን ብለን ስንሰጋ ሠላሳ ስምንት ሰው ተከተላት፤ አካፋ ስላልበቃ ከለቅሶ ቤቱ ትሪ ይዘው የወጡ ነበሩ። አሥራ አንዱም ቤት ሲጠረግ የመካነ መቃብሩ ሰዓት አለፈ፤ እሑድ ቀብር ስለሌለ፣ ሰኞም የካናዳ በዓል ስለነበር፣ ቀብሩ ወደ ዛሬ የተላለፈው በዚሁ ነው። በዚያው ቀን ከቀትር በፊት፣ ከአሥራ አንዱ ቤት በአንዱ የሚኖሩትን ወይዘሮ ውብአለምን ወደ ኩላሊት እጥበታቸው የሚወስደው መኪና በራቸው ድረስ ደርሶ ወስዷቸዋል፤ ዛሬም ከፊታችን ተቀምጠዋል። ወንድማቸው ነውር ነው ብሎ የተናገረውን በዚህ ጉባኤ ፊት መልሶ ወስዷል፤ እኅቱን በሕይወት ሳሉ ይቅርታ ባለመጠየቁም ያዝናል።

ወይዘሮ ሥርጉት ባለቤታቸውን አቶ ኢሳያስን፣ ልጆቻቸውን ሃሌሉያንና ዮናታንን፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ወንድማቸውን ታዴዎስን፣ የአቶ ዘርይሁንን ቤት ጨምሮ በር የከፈቱላቸውን አሥራ አንድ ቤቶች ትተውልናል። ነገ ረቡዕ ነው፤ በረዶም እንደሚጥል ተነግሯል። የረቡዕ ተራቸውን ይህን ያነበበው ወንድማቸው ተረክቧል።

መንገዱን ለደካሞች ያቀኑትን የእኅታችንን ነፍስ ቸሩ እግዚአብሔር በቅዱሳን አጠገብ ያሳርፍልን፤ ቤተ ሰባቸውን ያጽናልን፤ ለእኛም ነገ ሳይነጋ የሚያስነሣ ጉልበት ይስጠን። አሜን።