ትልቅ ሰው ያልጀመረው ዓሣ

(ቬትናም ውስጥ፣ በሜኮንግ ወንዝ ዳር ባለ የገበሬ ቤት በረንዳ ላይ። እዚሁ አገር ስትማር ለቆየችው ልጃቸው ለትርሲት የትምህርት ምረቃ ከባሕር ዳር የመጡት ወይዘሮ አስካለና ትርሲት፣ ትርሲት ልታገባው ካሰበችው ከቱዋንና ከወላጆቹ ጋር ማዕድ ከበው ተቀምጠዋል፤ ከእናትና ከልጅ በቀር አማርኛ የሚሰማ የለም።)

አስካለ፦ አልነካም አልኩሽ! ዓይኑን አፍጥጦ እያየኝ እንዴት ነው የምበላው?

ትርሲት፦ ዓሣ እኮ ነው፣ እማ። የባሕር ዳር ሰው ዓሣ ፈራ ቢባል ማን ያምናል?

አስካለ፦ እኛ ዓሣ ስናቀርብ አስተኝተን ነው። ይሄ ሞቶም፣ ተጠብሶም ቆሟል። ዘብ የተቀጠረ ነው የሚመስለው።

ትርሲት፦ እንዲያምር ብለው ነው የሚያቆሙት። እባክሽ ፊትሽን ፍቺው፤ እናቱ እያዩሽ ነው።

አስካለ፦ ትየኝ! እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሳይ ነው የዋልኩት። ይሄን ጭቃ ወንዝ ነው ብለሽ በጀልባ ስታንከራትቺኝ አረፈድሽ። ገበያ ነው ያልሽኝም ውኃ ላይ! ሰዉ ዱባውን እንጨት ጫፍ ላይ ሰቅሎ ይንሳፈፋል።

ትርሲት፦ የሚሸጠውን ነው የሚሰቅለው፤ ገዢ ከሩቅ እንዲያየው። ደግሞ ዓባይስ ክረምት ላይ ምን ይመስላል?

አስካለ፦ ዓባይን ከዚህ ጋር አታነካኪብኝ። ዓባይ ቢደፈርስም በክብሩ ነው። እዚህ አንዷ ዕቃ ታጥባለች፣ ከጎኗ ልጇ ይዋኛል፣ ከልጁ ጎን ዳክዬ። ከሦስቱ ማን ንጹሕ ሆኖ እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ።

ትርሲት፦ ቀስ በይ፣ እማ።

አስካለ፦ አማርኛ አይሰሙ!

ትርሲት፦ ፊትሽን ግን ያያሉ። ለምን እንደመጣን ታውቂያለሽ። ዛሬ ሳትመርቂን ከዚህ ቤት ከወጣሽ ጋብቻው ቀረ። ያለ እናቴ ምርቃት አላደርገውም ብዬ ለቱዋንም ነግሬዋለሁ።

አስካለ፦ እሰይ! እንግዲያው ጀልባው ይጠራልኝ።

ትርሲት፦ ምኑን ጠልተሽው ነው?

አስካለ፦ እሱን መቼ ጠላሁት? አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። እኔን ያስፈራኝ ድስታቸው ነው። ትናንት አሳማ ተቀቅሎበት፣ ዛሬ ለእኔ ዓሣ!

ትርሲት፦ ድስቱ አዲስ ነው። መጥበሻውም። አሳማ እንደማትበዪ የነገርኳቸው ዕለት እናቱ እኔን ይዘው ገበያ ወረዱ። ቢላዋ ሳይቀር ገዙ።

አስካለ፦ ቢላዋም?

ትርሲት፦ ቢላዋም፣ መክተፊያውም።

አስካለ፦ ይሁና። ድስት በሚሸጥበት አገር ድስት ገዛሁ ብሎ መመጻደቅ ምንድን ነው? ይሄ ወጣቸውስ? አናናስ ከዓሣ ጋር! አናናስ ወጥ ውስጥ የከተተ ሰው ጨውን የት ይጨምረው ይሆን? ሻይ ውስጥ?

ትርሲት፦ አያቴ ቡናዋን በጨው አልነበር የምትጠጣው?

አስካለ፦ የሞተ ሰው አትጥሪ።

ትርሲት፦ እሺ፣ መጀመሪያ ቅመሺውና ከዚያ ስደቢው።

አስካለ፦ ማን ብዪ ብሎኝ?

ትርሲት፦ እንዴት?

አስካለ፦ ከተቀመጥን ጀምሮ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ያለኝ አለ? እኛ ቤት የባላንጣ ልጅ ቢመጣ ተለምኖ ነው የሚበላው። እኔ ሳልለመን እጄን ልስደድ? ባሌን ቀብሬ ልጅ አሳድጌ ለወግ ያበቃሁ ሰው ነኝ፤ ለዓሣ ብዬ አልዋረድም!

ትርሲት፦ እውነትሽን ነው… ግን እነሱም አልጀመሩም።

አስካለ፦ ምን ይጀምራሉ! መሄዴን ነዋ የሚጠብቁት። ጫማዬን አምጪ።

ትርሲት፦ በማርያም ተቀመጪ! ቱዋንን ልጠይቀው።

አስካለ፦ ጠይቂው። … ምን ያንሾካሽካል? ምነው ፊቱ ቀላ?

ትርሲት፦ እማ፣ አንቺን ነው የሚጠብቁት።

አስካለ፦ እንድሄድላቸው! አላልኩሽም?

ትርሲት፦ እንድትጀምሪላቸው። በዕድሜ ትልቁ ሰው ሳይጀምር እዚህ ቤት ማንም እህል አይነካም። ድሮ ስመጣ አያቱ ነበሩ የሚጀምሩት፤ ለዚያ ነው ልብ ያላልኩት። አሁን እሳቸው የሉም። ከዚህ ማዕድ ትልቋ አንቺ ነሽ።

አስካለ፦ አባትየውስ? ሽበቱ ከእኔ ይብሳል እኮ!

ትርሲት፦ ዕድሜሽን ጠይቀውኛል። ትበልጪያቸዋለሽ።

አስካለ፦ ዕድሜዬን ነገርሽ? ለባዕድ አገር ሰው? አንቺ ልጅ! … እና ሰውየው እስካሁን አልበላም?

ትርሲት፦ ምን በልተው! ጎሕ ሳይቀድ ነው ከጓሮ ኩሬያቸው ያንን ዓሣ ያወጡት።

አስካለ፦ ምን ዓይነት ጉድ ነው! ሆዱ እየጮኸ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል? አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ትርሲት፦ አንቺስ ተንፍሰሽ ነበር?

አስካለ፦ አፍሽን ያዢ። ተነሡ በያቸው። ማዕድ ሳይባረክ አልጀምርም።

ትርሲት፦ ክርስቲያን አይደሉም እኮ፣ እማ።

አስካለ፦ እህሉን የሰጣቸው ማን ነው ታዲያ? ለእነሱ የሚያዘንብላቸው ሌላ ነው? ተነሡ በያቸው አልኩ! … በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። ጌታ ሆይ፣ ይህን ማዕድ ባርክ። የደከሙበትን እጆች አስብ። ሰውየውን ያስራብኩት ሳላውቅ ነውና አትቁጠርብኝ። አሜን።

ትርሲት፦ አሜን። አየሽ፣ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተዋል።

አስካለ፦ አይቻለሁ። ይሄ ነገር በየት በኩል ነው የሚቆረሰው?

ትርሲት፦ ከጎኑ። በዚች ስስ ቂጣ ጠቅልለሽ፣ ቅጠሉን ጨምረሽ፣ መረቁ ውስጥ ነከር አድርጊው።

አስካለ፦ መረቁ ይሸታል።

ትርሲት፦ እማ!

አስካለ፦ ጎረስኩ እኮ! … እም።

ትርሲት፦ እንዴት ነው?

አስካለ፦ በርበሬ ያንሰዋል። ውይ፣ አባትየውን እያቸው! ለካ እንዲህ ርቧቸው ኖሯል፣ ምስኪን። ያንን ትልቁን ወደሳቸው አስጠጊላቸው።

ትርሲት፦ እናቱ ይጠይቁሻል፤ ምግቡ ተስማማሽ ወይ ይላሉ። ምን ልበላቸው?

አስካለ፦ የምግቡ ይቆይ። እስቲ መጀመሪያ እኔ ልጠይቃቸው። ትልቅ ሰው ሳይጀምር ዓሣ እንኳ የማይነካ ቤት፣ የሰው ልጅ ለመውሰድ ሲያስብ ሽማግሌ ሳይልክ እንዴት ዝም ይላል? ሦስት ሰው መርጠው ባሕር ዳር ይላኩና ደጄ ላይ ቆመው ይለምኑኝ። ምን አፍሽን ከፍተሽ ታዪኛለሽ? ተርጉሚላቸው እንጂ!