ኮረብታ ላይ የወጣው መርከብ

ነይ ልጄ፣ ነይ ግቢ… ያንን የሽፋን ጨርቅ አንሺና ተቀመጪ። ሙጫው እስኪደርቅ እኔም ሥራ ፈትቻለሁ። ሻይ ልቅዳልሽ? ስኳር ሁለት አይደል? አይ፣ በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን። የሙጫ ሽታ ራስ ያዞራል። ደግሞ ጎረቤት ክፍል ቁጭ ብሎ ሻይ የሚያማስል ሰውስ ሰው አይደለም እንዴ? ሙሉ ቀን የቤተ መጻሕፍቱን ካርድ ሲደረድሩ መዋል ይሰለቻል፤ ትንሽ ጨዋታ ቢደርሳቸው ጽድቅ ነው።

ዓይንሽ አብጧል… ጉንፋን ነው? እሺ፣ ጉንፋን ነው እንበል።

እኔማ ዛሬ ሳቄን አልቻልኩትም። ጠዋት አውቶቡስ ላይ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ። ለምን መሰለሽ? የማነበው መጽሐፍ ውስጥ መርማሪው ወደ ጓዳ ሊገባ ነው፣ ሰውየው ስለት ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ "ኧረ አትግባ!" ብዬ ጮህኩ። ጮህኩ ነው የምልሽ! ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ! ባለቤቴ "እኔ ያገባሁት አንቺን ብቻ ሳይሆን አርባ ሬሳም ጭምር ነው" ይላል። ምን ያድርግ፣ ባለፈው ሳምንት ድስት አሳርሬበት ቤቱን ጭስ ሲሞላው፣ እኔ ቁጭ ብዬ የምጠረጥረው መድኃኒት ቀማሚዋን ነው። ድስቱን ማን ይጠርጥረው?

ሞኝነት ነው፣ አይደል? የኔና ያንቺ ቢጤ ሞኝ መጽሐፍ የሚጀምረው ከገጽ አንድ ነው። ልቡ ድው ድው እያለ፣ ዛሬ ወንድሙን ጠርጥሮ ነገ ወንድሙን በልቡ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ምዕራፍ እንዳያልቅበት እየሰሰተ… ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ሲሉ ሰምቶ ከሥሩ ይጀምራል። ያደለው ሰው ግን አለ። ሳይለፋ፣ ሳይደነግጥ፣ ጥፍሩን ሳይበላ ያውቃል። እንዲህ ያለ ስጦታ ለሁሉ ይሰጣል እንዴ? እኔ መቼም ቅናት አላውቅም።

ዘጠኝ ወር ሙሉ አየን እኮ! አምስታችን፣ እኔ፣ አንቺ፣ ዘበኛው፣ ያ ልጅ እግር አለቃችንና… ካርድ የሚደረድሩት አምስተኛ ሰው፣ በወር አንዲት የወንጀል ልብ ወለድ ተቀባብለን ስናነብ፣ ሕጋችን አንድ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ አይነካም። እሱ የሚነበበው ዓርብ በሻይ ሰዓት፣ ጮክ ተብሎ፣ ሁላችንም ባለንበት ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም የገዳዩን ማንነት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እዚህ ባዶ የሙጫ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። ዘበኛው አሥራ ሁለት ዓመት ሌባ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ አንድም ጊዜ አልያዘለትም። እሳቸው ግን ዘጠኝ ከዘጠኝ! መጽሐፉ በማዕረግ መጀመሪያ እሳቸው ዘንድ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ቀን ይመለሳል፣ ገዳዩ ተይዟል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል… ለአንዳንድ ሰው ግን ገና ሳይመሽ ነው የሚጠራለት።

እኔ የሚገርመኝ ደግሞ የእጃቸው ንጽሕና ነው። ጠራዥ ነኝ፤ መጽሐፍ የት የት እንደሚያረጅ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያንቺ መጽሐፍ ፊቱም መሐሉም የተጎሳቆለ ነው፤ የት ላይ እንደደነገጥሽ ገጹ ይናገርብሻል። እሳቸው ዘንድ የሰነበተው ግን… መሐሉ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው፤ አንዳንዱ ገጽ እርስ በርሱ እንኳ አልተላቀቀም። መጨረሻው ላይ ብቻ ትንሽ የሻይ ጠብታ፣ ትንሽ የብስኩት ፍርፋሪ… ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ። የሳቸውን አያያዝ ቢያዩት ኖሮ ይህን አይሉም ነበር፤ ምን ቢያዝ ምን አይቀደድም!

እና ባለፈው ወር… ምን ልበልሽ፣ ዕድሜ ክፉ ነው። ሁለት ልብ ወለድ አንድ ላይ ፈርሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ መጡ። አንደኛው ያ ያነበብነው ነው፣ ኮረብታ ላይ ካለ የሕሙማን ማረፊያ ውስጥ ሐኪሙ ሞቶ የሚገኝበት። ሌላው የመርከብ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሕር ላይ። አንድ ማተሚያ ቤት፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ወረቀት። መነጽሬም ቤት ቀርቶ ነበር። የኮረብታውን መጨረሻ ለመርከቡ፣ የመርከቡን መጨረሻ ለኮረብታው ሰፋሁት። ስህተት ነው እኮ! ሠላሳ ዓመት የሰፋ እጅ አይሳሳትም ያለው ማነው? ምን ያስቅሻል?

አንቺ ዓርብ አልነበርሽም። እንዴት ትኖሪ? ረቡዕ ዕለት ሰው ሁሉ ወረፋ የያዘበት ያ አዲስ መጽሐፍ ሲጠፋ፣ "የወሰደችው እሷ ናት፤ ዓይኗ አላማረኝም" ተባለ። ማን ይከራከራል? ዘጠኝ ገዳይ የያዘ ሰው አንዲት የመጽሐፍ ማዋሻ ክፍል ሠራተኛ ያቅተዋል? አለቃችንም አመነ። እስከ ሰኞ ካልመለስሽ ሥራሽን ተሰናበች ብሎ ከቦታሽ አነሳሽ። ሐሙስ ከደረጃው ሥር ስታለቅሺ አይቼሻለሁ ልጄ። ሆዴ ነው የተቃጠለው።

ዓርብ ሻይ ተቀዳ፣ ቆርቆሮው ተከፈተ። ያንቺም ወረቀት ነበረች፤ ገና ማክሰኞ ነው የከተትሻት። ዘበኛው "የሟች ወንድም" ብሏል። አለቃችን "አትክልተኛው።" እኔ እንግዲህ ያቺን መድኃኒት ቀማሚ ሙጭጭ። አንቺ "አልጋ አንጣፊዋ" ብለሻል፤ ከሥሩም ለምን እንደጠረጠርሽ ሦስት መስመር ጽፈሻል። አምስተኛዋ ወረቀት ወጣች… እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ መሰለሽ! ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። አለቃችን አነበበ፦ "ገዳዩ የመርከቡ ምግብ አብሳይ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ዓይኑ አላማረኝም።"

የመርከቡ!

ከመጀመሪያው ገጽ! ልጄ፣ አንብበሽዋል እኮ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባሕር አለ? በዚያ ኮረብታ ላይ ያለው ውሃ አንድ ጉድጓድ ነው፣ እሱም በሁለተኛው ምዕራፍ ደርቋል! ዘበኛው "መርከቡ በየት በኩል ወጣ?" አለ፤ ተንኮል የለበትም፣ ከልቡ ነው የጠየቀው። እሳቸው ግን አልተደናገጡም። "ጥልቅ አንባቢ ይገባዋል" አሉ። ይገባዋል እንጂ! አለቃችን ግራ እየገባው የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠና ጀመረ፦ "ማዕበሉ ጸጥ ሲል ምግብ አብሳዩ የታሰረበት ክፍል…" እዚያ ላይ ቆመ። ወረቀቷን አየ። መጽሐፉን አየ። መልሶ ወረቀቷን አየ።

እኔ ምን ላድርግ? ስህተቴን አመንኩ። "ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው፤ ትክክለኛውን መጨረሻ አመጣለሁ" ብዬ እየሮጥኩ እዚህ መጣሁ። ሳቄን አፍኜ ነው የሮጥኩት፤ ጎኔን ወጋኝ። የመርከቡን መጽሐፍ ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሳወጣ… ከሥሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ያ የጠፋው! አገር የተሸበረበት! ለካ ማክሰኞ እኔ ጥርስ ልነቀል በሄድኩበት፣ ለጥገና ከመጡት ጋር ተቀላቅሎ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ሐሙስ እኔው ራሴ ሳላየው ከሌሎቹ ጋር መጭመቂያው ውስጥ ከትቼዋለሁ። የኔም ጥፋት አለበት፤ ይቅር በዪኝ። ግን ውስጡ የጥገና ወረቀት ነበር። "ሽፋኑ ተላቅቋል፤ ይጠገን" ይላል። እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ መሰለሽ… ሁለት ጊዜ የተሰመረበት። ፊርማም አለው።

እኔ ታዲያ ማን ጻፈው አልኩ? አላልኩም። አንባቢ ለራሱ ይወቀው። ወረቀቱን ከነመጽሐፉ አለቃችን ፊት አስቀመጥኩና ሻዬን ጠጣሁ። አየዋ፤ ከቆርቆሮው የወጣችውን ወረቀት አንስቶ ጎን ለጎን አደረጋቸው። ጆሮው ቀላ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የቢሮ ወሬ ነው። ከዚያ እውነተኛውን መጨረሻ አነበብን። አልጋ አንጣፊዋ ናት! የጻፍሻቸው ሦስት ምክንያቶች ሦስቱም ልክ! ዘበኛው አጨበጨበ፣ እኔ እልል አልኩ፣ አለቃችን "ሰኞ ጠዋት ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች" አለ። ከአራታችን አንድ ሰው ብቻ ራስ ምታት ይዟቸው ቀደም ብለው ወጡ። ጉንፋን ይሆናል… የሰሞኑ ጉንፋን እኮ ክፉ ነው።

ዛሬ ሰኞ አይደል? የአለቃችንን ኮቴ ሰምቻለሁ፣ ደረጃውን እየወጣ ነው። ፊትሽን ጥረጊ። ቀና በይ! እኔ እንኳ ዘጠኝ ወር ሙሉ እየተንቀጠቀጥኩ አንብቤ አንዴም ያልያዝኩት ደስ ብሎኛል። የተሳሳትኩት ሁሉ የራሴ ነው፤ እያንዳንዱን ስህተት አጣጥሜዋለሁ። ይህን ደስታ ለማያውቀው ሰው ማዘን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

አዳምጪ እስቲ… ማንኪያው ቆመ እንዴ? ሻዩ በረደባቸው ይሆናል፣ ምስኪን።

ደግ ሰው ናቸው እኮ፤ እኔ እንኳን ክፉ ላስብ፣ ጠዋት ማታ ነው የምመርቃቸው። እግዜር ጤናውን ይስጣቸው። ዓይናቸውን ያብራላቸው። ዕድሜያቸውን እንደ ባሕር ያስፋላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከመጻሕፍት መሐል ውለው የሚያድሩ ሰው ናቸውና፣ ከጡረታቸው በፊት አንዲት መጽሐፍ… አንዲት ብቻ… ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብበው ለማየት ያብቃቸው።

ምነው ዝም አልሽ? አሜን በይ እንጂ!