ቀዩ ገመድ

ሐይቅ ዳር ሳይታረስ የቀረ አንድ ቁራሽ ሣር አለ፤ ቢራቢሮዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪው ከብት እንዳይግጠው ብዬ ችካል ተከልኩና ዙሪያውን በቀይ ገመድ አጠርኩት። በሳምንቱ ስመለስ ችካሉ ብቻውን ቆሟል፤ ገመዴ የጎረቤቴ የእማማ አየለች ላም አንገት ላይ! ደሜ ፈላ።

«እማማ፣ ገመዱን እኮ ለቢራቢሮዎቹ ነው ያሰርኩት!»

«አውቃለሁ ልጄ። ላሜ ግን አንገቷን በሥሩ አስገብታ ልትግጥ ስትል ያዝኳት። ስለዚህ ፈትቼ እሷን ከሣርህ ራቅ አድርጌ አሰርኩበት። እስቲ ሄደህ ሣርህን እየው።»

ሄጄ አየሁት። ላሟ ገመዱ እስከሚያደርሳት ድረስ ግጣለች፤ የእኔ ሣር ግን አልተነካም፣ አባጨጓሬዎቹም እንዳሉ ናቸው። አፈርኩ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስጎነበስ ትከሻዬን ያዙኝና፣ «ይልቅ ሌላ ገመድ አምጣልኝ፤ ጥጃዋም ሣር ጀምራለች» አሉኝ።